የአድሚን ፓስዋርድ ጠፍቶብን ኮፒ ቤቱ ቆሟል፤ ፎርማት ሳናደርግ መክፈት ይቻላል?

የፔዳ_ኮፒ
ሰኞ ሰኔ 1፣ ከምሽቱ 1:40

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር፣ ፔዳ ግቢ አጠገብ ባለች ትንሽ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። እንተይባለን፣ እናትማለን፣ እንጠርዛለን። ሰኔ የመመረቂያ ጽሑፍ ወር ነው፤ ተማሪው ከጠዋት እስከ ማታ በሩ ላይ ነው።

ሁለት ኮምፒውተር አለን። ዋናው፣ ሥራው ሁሉ ያለበት፣ ዊንዶውስ 10 ዴስክቶፕ ነው። ቅዳሜ ዕለት መብራት ሲሄድ ሲመጣ ውሎ ማሽኑ አልነሣ አለ። ባለሙያ ጠራን። ከፍቶ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ቀየራት፤ ባዮሱንም፣ ማለትም ማሽኑ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣበትን ቅንብር፣ ወደ መጀመሪያው መለሰው። ተነሣ። ደስ ብሎን ሳናበቃ መግቢያው ላይ በየቀኑ የምንጠቀምበትን ፒን አልቀበል አለ። የደኅንነት ቅንብር ስለተለወጠ ፒኑ አይሠራም የሚል ጽሑፍ አመጣና ፓስዋርድ ጠየቀ።

ፓስዋርዱን የሚያውቅ የለም። ማሽኑን ከ2 ዓመት በፊት ያዘጋጀው ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ነው። አሁን ሐዋሳ ነው የሚሠራው። ደወልኩለት። «የሱቁ ስምና ዓመተ ምሕረት ይመስለኛል። ፒን ካወጣሁ በኋላ ግን አንድም ቀን አልጻፍኩትም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኛም የምናውቀው ፒኑን ብቻ ነበር። ያለኝን ሞከርኩ፤ አልከፈተም።

ውስጡ የ11 ተማሪዎች ጽሑፍ አለ። ሦስቱ ሐሙስ ዲፌንስ አላቸው። አድቫይዘሮቻቸው ያረሙትን ሁሉ ያስገባነው እዚሁ ማሽን ላይ ነው። ተማሪዎቹ ፍላሽ ላይ ያላቸው የዛሬ ወሩን ነው። አንዷ ከሰዓት በኋላ መጣች። ስነግራት ምንም ሳትናገር ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

ባለሙያው «ፎርማት ነው እንጂ ሌላ መፍትሔ የለውም» ብሎ ሄዷል። ነገ ጠዋት ሊመለስ ነው። ፎርማት ሳናደርግ የሚከፈትበት መንገድ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

ዓባይ_ማዶ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:58

እህቴ፣ ሐሙስ ቅርብ ነው። ሲ ድራይቭን ብቻ ፎርማት አስደርጊ። ዲ ላይ ያለው አይነካም። እኛ ቤት እንደዚያ አድርገን ነው የተገላገልነው።

የፔዳ_ኮፒ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:03

ሁሉም ዴስክቶፕ ላይ ነው። ለየተማሪው በስሙ ፎልደር ከፍተንለታል።

ጥገና_ሽምብጥ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10

እህቴ፣ እንዳታስነኪው! ዴስክቶፕ ላይ ያለ ነገር በሙሉ የሚቀመጠው ሲ ድራይቭ ውስጥ ነው። ማይ ዶክመንትስም እንደዚያው። ሲ ፎርማት ከተደረገ የልጆቹ ሥራ አብሮ ይሄዳል። ለባለሙያው አሁኑኑ ደውለሽ ነገ እንዳይመጣ ንገሪው።

ሁለት ነገር መልሺልኝ። ባትሪው ከተቀየረ በኋላ ማሽኑ ሲነሣ፣ መግቢያው ገጽ ላይ ሳይደርስ፣ ሰማያዊ ገጽ አውጥቶ ረጅም ቁጥር ጠይቋል ወይ? ደግሞ ያ ልጅ መጀመሪያ ሲያዘጋጀው በኢሜይል ነው የከፈተው ወይስ እንዲሁ ስም ብቻ ሰጥቶ? እዚህ ላይ እርግጠኛ ሁኚ፤ መንገዱ የሚለየው በዚህ ነው።

የፖሊ_ተማሪ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:21

ኤፍ 8 ተጭነሽ ሴፍ ሞድ ግቢ። እዚያ አድሚኒስትሬተር የሚል አካውንት ይመጣል፤ ፓስዋርድ የለውም። ወንድሜ እንደዚህ ሲከፍት አይቻለሁ።

ጥገና_ሽምብጥ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:26

ወንድምህ የከፈተው ዊንዶውስ ኤክስፒ ይሆናል። በኤክስፒ ጊዜ ያ አካውንት ብዙ ጊዜ ያለ ፓስዋርድ ክፍት ሆኖ ይቀር ስለነበር ይሠራ ነበር። ከቪስታ ጀምሮ ግን ከፋብሪካው ተዘግቶ ነው የሚመጣው። በ10 እና በ11 ላይ ባለቤቱ ራሱ ካልከፈተው በቀር አይገኝም።

የፔዳ_ኮፒ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:44

ሰማያዊ ገጽ አልመጣም። ቀጥታ መግቢያው ላይ ነው የደረሰው። ልጁንም ጠየቅኩት፤ ያኔ ኢንተርኔት ስላልነበረ ስም ብቻ ሰጥቶ እንደከፈተው አስታውሷል። ኢሜይል የለውም።

ደንገል
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:50

እታለም፣ ቅር እንዳይልሽ። እኔ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ነው የምከታተለው፤ ይህን ጥያቄ ሳልጠይቅ ለማንም ማሽን አልከፍትም። የሱቁ ባለቤት ያውቃሉ ወይ? እዚህ የሚጻፈውን ብዙ ሰው ያነበዋል። የሰው ላፕቶፕ ይዞ የሚመጣም አለ።

የፔዳ_ኮፒ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:57

ምንም ቅር አይለኝም፤ ልክ ነህ። ባለቤቷ እትዬ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ማሽኑን የገዙት እሳቸው ናቸው፤ ደረሰኙም መሳቢያው ውስጥ አለ። «የሚረዱሽን ልጆች እግዜር ይስጣቸው በያቸው» ብለዋል።

ጥገና_ሽምብጥ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:20

አሜን። እንግዲህ የመለስሽልኝ ሁለቱም ጥሩ ዜና ነው። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ ስታውቂው ነገ እጅሽ አይንቀጠቀጥም።

ፒን እንደ ፓስዋርድ አይደለም። ከዚያ ማሽን ጋር ብቻ የታሰረ ነው። ምስጢሩን የሚጠብቅለት ቲፒኤም የሚባል የደኅንነት ቺፕ አለ። ባዮሱ ወደ መጀመሪያው ሲመለስ ይህ ቺፕ የያዘውን ሊያጣ ይችላል። የእናንተም የሆነው እንደዚህ ይመስለኛል። ፒናችሁን አልረሳችሁም፤ የሚያመሳክረው ነው የጠፋው። ፓስዋርዱ ግን ሃርድ ዲስኩ ላይ ስለሆነ አልተነካም።

አሁን ዋናው ነገር። ዲስኩን የሚመሰጥር ቢትሎከር የሚባል ቁልፍ አለ። እሱም የሚታሰረው ከዚሁ ቺፕ ጋር ነው። ቢትሎከር በርቶ ቢሆን ኖሮ፣ ቺፑ ሲነካ ማሽኑ ገና ሲነሣ ባለ 48 አኃዝ የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ይጠይቅሽ ነበር። አልጠየቀም። ስለዚህ ዲስኩ አልተመሰጠረም ብዬ አምናለሁ።

ይህ ማለት በሩ ተቆልፏል እንጂ ሣጥኑ አልተቆለፈም። የዊንዶውስ ፓስዋርድ በዊንዶውስ በር የሚገባውን ሰው ነው የሚከለክለው። ማሽኑን በሌላ ሲስተም ካስነሣነው ፎልደሮቹ እዚያው ተቀምጠው ይታያሉ።

ስለዚህ ነገ ፓስዋርዱን አንነካውም። መጀመሪያ የልጆቹን ጽሑፍ እናወጣለን። ሊኑክስ ሚንት የሚባል፣ በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራ ነጻ ሲስተም የተጫነበት ፍላሽ ያስፈልግሻል። ፋይሉ ወደ 3 ጊጋባይት ስለሆነ በሞባይል ዳታ ከማውረድ ያለው ሰው ብታገኚ ይሻላል። ሩፈስ በሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው ፍላሹ ላይ የሚጻፈው። ሲጻፍ ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል፤ የተማሪ ፍላሽ እንዳትጠቀሚ አደራ። ለቅጂው ደግሞ ሌላ ባዶ ፍላሽ ወይም ውጫዊ ሃርድ ዲስክ አዘጋጂ።

ማሽኑ ሲነሣ የቡት ምርጫ ያወጣል። ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ 12 ነው፤ ኤችፒ ላይ ኤስኬፕ ከዚያ ኤፍ 9። ፍላሹን ምረጪ። ሚንት ምንም ሳይጫን ከፍላሹ ላይ ይሠራል። ገጹ ላይ «ኢንስቶል» የሚል ምልክት አለ፤ እሱን በፍጹም እንዳትነኪው። ፎልደሩን ከፍተሽ ሲ ድራይቭን ፈልጊ፣ ዩዘርስ ውስጥ ግቢ፣ የአካውንቱን ስም፣ ከዚያ ዴስክቶፕን። ኮፒና ፔስት ብቻ። ምንም ነገር አታጥፊ፣ ምንም ነገር አታንቀሳቅሺ።

የፖሊ_ተማሪ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:31

የሚንት ፍላሽ አለኝ። ባለፈው ዓመት ለፕሮጀክት ያዘጋጀሁት ነው። ነገ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ፔዳ በር ላይ እጠብቅሻለሁ። የኤክስፒውን ነገር ሳላጣራ ስለነገርኩሽ ይቅርታ።

የፔዳ_ኮፒ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:34

ወንድሜ፣ ምንም አይደል። እጠብቅሃለሁ። ለባለሙያውም ደውዬ እንዳይመጣ ነግሬዋለሁ።

መምህር_ጡረታ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:05

ልጆች፣ ስለ 48 አኃዙ ቁልፍ የተባለውን ሳነብ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። እምቦጭ ጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ መታየት ከጀመረ ወዲህ ሐይቁ ዳር እየዞርኩ ፎቶ አነሣ ነበር። ገበሬው በእጁ ሲነቅለው፣ ታንኳው በአረሙ መካከል መሄጃ ሲያጣ፣ ሁሉንም። ያ ሁሉ ያለው አንድ ላፕቶፕ ላይ ነው። አንድ ቀን ማሽኑ ራሱን አዘመነና ሲነሣ ያንን ሰማያዊ ገጽ አወጣብኝ። ቢትሎከር የሚባል ነገር መኖሩን ሰምቼ አላውቅም። ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልከፈትኩትም።

በራሴ ኢሜይል ገብቼ ብፈልግ ቁልፉ የለም። ሦስት ሳምንት አዘንኩ። በኋላ ልጄ ስትደውል ነገርኳት። ላፕቶፑን ስትሰጠኝ መጀመሪያ የከፈተችው እሷ ነበረች፤ በራሷ ኢሜይል። ማይክሮሶፍት አካውንቷ ውስጥ ገባች፤ ቁልፉ እዚያ ተቀምጧል። በስልክ አኃዝ በአኃዝ አነበበችልኝ።

የተጨነቃችሁ ካላችሁ ማሽኑን መጀመሪያ የከፈተውን ሰው ጠይቁ። የእናንተ ኢሜይል ላይ ባይኖር የእሱ ላይ ሊኖር ይችላል።

ጥገና_ሽምብጥ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:12

ጋሼ፣ ይህን ስላካፈሉን በጣም አመሰግናለሁ። ወደ እኔ ከሚመጡት ብዙዎቹ እንደ እርስዎ ናቸው። በአዳዲስ ላፕቶፖች ላይ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈት ምስጠራው በራሱ ይበራል፤ ባለቤቱ አያውቅም። ቁልፉ ካልተገኘ እኔም ሆንኩ ሌላ ሰው ልንከፍተው አንችልም። እከፍታለሁ ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ካለ አትስጡት። ፎቶዎቹን ሌላ ቦታ አስቀምጠዋቸዋል ወይ?

መምህር_ጡረታ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:15

አሁን ሁለት ቦታ አሉ። አንዱን ልጄ ወስዳዋለች።

ጎርጎራ_ወደብ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:30

እዚሁ ላይ ልጠይቅ፤ የእኔ ደግሞ በኢሜይል የሚከፈት ነው። ፓስዋርዱን ልቀይር ስል ኮዱን ወደ ድሮ ስልኬ ይልካል። ሲም ካርዱ ስልኩን ሳጣ አብሮ ጠፍቷል።

ደንገል
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:10

ሲሙ በስምሽ ከሆነ መታወቂያሽን ይዘሽ ቴሌ ሂጂ፤ ያንኑ ቁጥር መልሰው ያወጡልሻል። ከሁሉ የሚቀለው ይህ ነው። ሌላ ኢሜይል አስመዝግበሽ ከነበረም ኮዱን እዚያ አስልኪው።

ሁለቱም ካልሆነ የማይክሮሶፍት የመልሶ ማግኛ ቅጽ አለ። የድሮ ፓስዋርድሽን፣ ለማን ኢሜይል እንደላክሽ፣ የመሳሰለውን ይጠይቃል። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብርተሽ ከነበረ ግን ቅጹ አይሠራም። የደኅንነት መረጃሽን በሙሉ ከቀየርሽ ደግሞ 30 ቀን ያስጠብቅሻል። ስለዚህ በቁጥሩ ጀምሪ።

የፔዳ_ኮፒ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:15

ልጁ በሰዓቱ መጣ። ሱቅ ድረስ አብሮኝ ገባ። ፍላሹን ሰካን፣ ሚንት ተነሣ። ሲ ድራይቭን ስከፍት ግን አልከፍትም አለ። ዊንዶውስ በትክክል አልተዘጋም የሚል ስሕተት ያወጣል። እጄ ቀዘቀዘ። ምን ላድርግ?

ጥገና_ሽምብጥ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:19

አይዞሽ፣ ምንም አልተበላሸም። ዊንዶውስ ስታጠፊው ቶሎ ለመነሣት ብሎ ግማሹን አንቀላፍቶ ነው የሚዘጋው። ሊኑክስ ደግሞ ያንቀላፋ ዲስክ እንዳያበላሽ ይጠነቀቃል። ሚንትን አጥፊው። ዊንዶውስን አስነሺ፤ መግቢያው ገጽ ላይ፣ ሳትገቢ፣ ከታች በስተቀኝ ካለው የኃይል ምልክት «ሪስታርት» በዪው። «ሻት ዳውን» አይደለም፣ ሪስታርት። እሱ ሲሆን ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። ተመልሶ ሲነሣ ወዲያው የቡት ቁልፉን ተጫኚና ወደ ፍላሹ ግቢ።

የፔዳ_ኮፒ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:02

ተከፈተ!!! 11ዱም ፎልደር አለ። አንድ በአንድ ቆጠርኩ። አሁን እየገለበጥኩ ነው። እትዬ እልል ብለው ጎረቤት ሁሉ መጣ።

መምህር_ጡረታ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:10

እሰይ የኔ ልጅ!

የፔዳ_ኮፒ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12:40

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ፋይሎቹን በሁለተኛው ኮምፒውተር ከፈትኳቸው። በእንግሊዝኛ የተጻፉት ደህና ናቸው። በአማርኛ ከተጻፉት ሁለቱ ደህና ናቸው፤ አንዱ ግን የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ተዘበራርቆ ነው የሚታየው። ይህ የአማርኛ ትምህርት ክፍል ተማሪ ነው፤ 96 ገጽ ነው። ሲገለበጥ ተበላሽቶ ይሆን?

ጥገና_ሽምብጥ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12:55

አልተበላሸም። ተማሪው የጀመረው በድሮ ቪዥዋል ግዕዝ ፎንት ይሆናል። እነዚያ የድሮ ፎንቶች ዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው የጋራ ሥርዓት፣ ከመለመዱ በፊት የተሠሩ ስለሆኑ የአማርኛውን ፊደል በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ ነው ያስቀመጡት። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት ከሥር ያለው የእንግሊዝኛ ፊደል ይወጣል። በኒያላ ወይም በሌላ ዩኒኮድ ፎንት የተጻፉት ግን የትም ይከፈታሉ።

መልሰሽ በሚንት ግቢና ዊንዶውስ ከሚለው ፎልደር ውስጥ ፎንትስ የሚለውን እንዳለ ገልብጪው። ከዚያ የግዕዝ ፎንቶቹን ሁለተኛው ማሽን ላይ ጫኚ። ጽሑፉ ይመለሳል። ኮፒ ቤት ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ፋይሉን ብቻ አውጥቶ ፎንቱን የረሳ ሰው ጽሑፉ የጠፋ ይመስለዋል። አንድ ደንበኛዬ እንደዚያ ብሎ 120 ገጽ እንደገና አስተይቧል።

የፔዳ_ኮፒ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:30

ልክ እንዳልከው ሆነ። ተመለሰ። ለልጁ ደውዬ ስነግረው ድምፁ ተቆራረጠ።

ዓባይ_ማዶ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:00

እህቴ፣ መጀመሪያ የሰጠሁሽን ምክር ሳስበው ደነገጥኩ። ብትሰሚኝ ኖሮ የ11 ሰው ልፋት በእኔ ቃል ይጠፋ ነበር። እንኳን አልሰማሽኝ።

ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። አንድ ፍላሽ ሰክቶ የሰው ፋይል ሁሉ ማየት የሚቻል ከሆነ ፓስዋርድ ማድረጋችን ምን ጥቅም አለው? እኔ ላፕቶፕ ላይ የቤተሰብ ፎቶ አለኝ። ነገ ቢሰረቅስ?

ጥገና_ሽምብጥ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:14

ጥያቄህ ትልቅ ነው። ቢትሎከር የተሠራው ለዚሁ ነው። እስካሁን እንደ ጠላት ስናወራበት ነበር እንጂ ጠባቂ ነው። ላፕቶፕህ ቢሰረቅ ሌባው ማሽኑን እንጂ ፎቶህን አያገኝም። አብራው፤ ዊንዶውስህ ፕሮ ከሆነ ቢትሎከር በሚል ስም ታገኘዋለህ። ሆም ከሆነ ደግሞ በብዙ ማሽኖች ላይ «ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን» የሚል አለ። ስታበራው ግን የሚሰጥህን 48 አኃዝ ወረቀት ላይ ጽፈህ ከላፕቶፑ ቦርሳ ውጭ አስቀምጥ። ፎቶውንም ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጥ። ሌላ ቅጂ ሳይኖር ማመስጠር አደገኛ ነው፤ ቁልፉ ከጠፋ አንተም ሌባው የቆመበት ቦታ ላይ ነህ።

ያገለገለ ላፕቶፕ የምትገዙም አንድ ነገር ልብ በሉ። ሻጩ ፊታችሁ ላይ ከፍቶ፣ የራሱን አካውንት አውጥቶ፣ አጥፍቶ አስነሥቶ ካላሳያችሁ ብር አትክፈሉ። የባዮስ ፓስዋርድ ያለበት ላፕቶፕ ገዝተው የሚመጡ አሉ። ድሮ ክቧን ባትሪ ማውጣት ይፈታው ነበር። አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ግን የተቀመጠው ሌላ ቺፕ ላይ ስለሆነ ባትሪ ማውጣት አይጠቅምም።

የፔዳ_ኮፒ
ሐሙስ ሰኔ 4፣ ከምሽቱ 1:10

ሦስቱም ዲፌንስ አደረጉ። ሁለቱ ጥቃቅን እርማት ነው የተሰጣቸው። ሰኞ ዕለት ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ቀጥታ ከአዳራሹ ወደ ሱቅ መጥታ አቀፈችኝ።

አሁን ረጋ ብያለሁ። ወደ ፓስዋርዱ እንመለስ። ማሽኑ ላይ የተጫኑት ፕሮግራሞች፣ የፕሪንተሩ ቅንብር፣ ክሮም ላይ የተቀመጡት ፓስዋርዶች ሁሉ እዚያው ናቸው። ሳይጠፉ መክፈት እፈልጋለሁ።

የፖሊ_ተማሪ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:25

እንኳን ደስ ያለሽ! ዩቲዩብ ላይ አንድ መንገድ አየሁ። ከሲስተሙ ፋይሎች አንዱን በሌላ ተክተው ከመግቢያው ገጽ ላይ ፓስዋርዱን ያጠፉታል። ላሳይሽ?

ጥገና_ሽምብጥ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:40

አሁን አያስፈልግም። መንገዱን አውቀዋለሁ፤ እዚህ ግን አልዘረዝረውም። አንደኛ የሲስተም ፋይል መነካካት ነው፤ የዊንዶውስ ጸረ ቫይረስ ዲፌንደርም አሁን አሁን ይይዘዋል። ሁለተኛ፣ ፓስዋርድ ከውጭ በግድ ሲጠፋ በፓስዋርዱ የታሰሩ ነገሮች አብረው ይዘጋሉ። ክሮም ላይ ያስቀመጥሻቸው ፓስዋርዶች ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ዊንዶውስ ራሱ የመሰጠራቸው ፋይሎች ካሉም አይከፈቱም።

መጀመሪያ ቀላሉን እንሞክር። ፓስዋርድ ስትጽፊ ከሳጥኑ ጎን ያለችውን የዓይን ምልክት ተጭነሽ የጻፍሽውን እይው። ባዮሱ ሲመለስ የቁጥር ሰሌዳው ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። በቀኝ በኩል ባለው ሰሌዳ ዓመቱን ስትጽፊ ምንም ላይገባ ይችላል። ከታች በቀኝ ያለው የቋንቋ ምልክትም እንግሊዝኛ መሆኑን እይ። ከዚያ ዓመቱን በሁለቱም አቆጣጠር ሞክሪ። ልጁ 2016 ማለቱ ይሁን 2024 አታውቂም።

ካልሆነ ደግሞ ሆን ብለሽ የተሳሳተ ፓስዋርድ አስገቢ። ከሳጥኑ ሥር «ሪሴት ፓስዋርድ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል ወይ? ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዊንዶውስ 10 ያለ ኢሜይል፣ በስም ብቻ ሲዘጋጅ ሦስት የደኅንነት ጥያቄ ይጠይቃል። ልጁ መልሶ ይሆናል፤ ረስቶት ነው እንጂ።

የፔዳ_ኮፒ
ዓርብ ሰኔ 5፣ ከጠዋቱ 3:20

የቁጥር ሰሌዳው እውነትም ጠፍቶ ነበር! ሰኞ ስሞክር ዓመቱ አይገባም ነበር ማለት ነው። አሁን ሁለቱንም ዓመት ሞከርኩ፤ አሁንም አልሆነም። ግን ያልከው ጽሑፍ ወጣ። ሦስቱ ጥያቄዎች የተወለዱበት ከተማ፣ የመጀመሪያ ትምህርት ቤት ስምና የልጅነት ቅጽል ስም ናቸው። ለልጁ ልደውል ነው።

ደንገል
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3:26

መልሶቹን እዚህ እንዳትጽፊ።

የፔዳ_ኮፒ
ዓርብ፣ ከቀኑ 9:05

ከፈትነው። ጥያቄዎቹንም ቀይሬያለሁ፤ ስለዚህ የሆነውን አሁን መጻፍ እችላለሁ።

ልጁ ዘጌ ነው የተወለደው። ቅጽል ስሙን ለመናገር ትንሽ አፍሮ ነበር፤ ነገረኝ። ትምህርት ቤቱንም ነገረኝ። ሦስቱንም አስገባሁ፤ አልተቀበለም። ደግሜ አስገባሁ፤ አልተቀበለም። መልሶቹ ልክ ናቸው፤ ምን ሆነ? ቆይቼ ነው የገባኝ። ዘጌን በእንግሊዝኛ ፊደል ሰው በስንት መንገድ ነው የሚጽፈው? እኔ ዜድ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኢ ብዬ ነበር የጻፍኩት። ልጁን መልሼ ጠየቅኩት። «ጀልባው ላይ ያለው ሰሌዳ እንዴት ነበር የተጻፈው?» አለና አሰበ። ከመጨረሻዋ ኢ በፊት አይ ጨምሪ አለኝ። አልሆነም። ከጂ ቀጥሎ ኤች አስገቢ፣ አይዋንም አታውጫት አለኝ። ገባ!

ፕሪንተሩ፣ ፎንቱ፣ ክሮሙ፣ ሁሉም እንደነበረ ነው።

ጥገና_ሽምብጥ
ዓርብ፣ ከቀኑ 9:30

በጣም ደስ ብሎኛል። ይህን የፊደል ነገር እኔም አላሰብኩትም ነበር። ባሕር ዳርንም አንዱ በአንድ ቃል፣ አንዱ ለይቶ፣ አንዱ በሌላ አናባቢ ነው የሚጽፈው።

አሁን ሳትዘጊው ሦስት ነገር አድርጊ። ሌላ የአድሚን አካውንት ክፈቺ፤ ፓስዋርዱን እትዬ ወረቀት ላይ ጽፈው በታሸገ ፖስታ ያስቀምጡት። የአዲሶቹን ጥያቄዎች መልስም ፊደል በፊደል እዚያው ይጻፉት። ከዚያ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ዩዘር አካውንትስ ግቢ፤ በግራ በኩል የፓስዋርድ ማስመለሻ ዲስክ ፍጠር የሚል አለ። ትንሽ ፍላሽ ሰክተሽ አንድ ጊዜ ትሠሪዋለሽ። በኋላ ፓስዋርዱን ብትቀይሪም ያው ፍላሽ ይሠራል። ግን ፍላሹን የያዘ ሁሉ ማሽኑን ይከፍታል፤ ከገንዘብ መሳቢያው ውስጥ አይውጣ።

የተማሪዎቹን ሥራ ደግሞ በየማታው ውጫዊ ዲስክ ላይ ገልብጪ። ክረምቱ ሲያልፍም ወደ አዲስ ዊንዶውስ ስለመቀየር እትዬን አማክሪያቸው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል።

ጎርጎራ_ወደብ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 12:30

የእኔም ተከፈተ። ሲሙን አወጡልኝ፣ ኮዱ መጣ። አመሰግናለሁ ደንገል።

መምህር_ጡረታ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 1:15

ይህ የማስመለሻ ፍላሽ የሚባለው በእኔም ላፕቶፕ ይሠራል?

ጥገና_ሽምብጥ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 1:22

ጋሼ፣ የእርስዎ በኢሜይል የሚከፈት ስለሆነ ፍላሹ ለዚያ አይሆንም። ለእርስዎ የሚጠቅመው ልጅዎ ያነበበችልዎትን 48 አኃዝ አትሞ ማስቀመጥ ነው። በሁለት ቅጂ፣ አንዱ ከቤት ውጭ።

የፔዳ_ኮፒ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 1:30

መምህር፣ ነገ ሱቅ ይምጡ፤ አትሜ ላሚኔት አደርግልዎታለሁ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነን። እትዬ ቡና ይጠብቅዎታል ብለዋል።